በእኩለ ቀን የተነፋው ጡሩምባ

ልምከራችሁ፤ ከሰፈር ስብሰባ አትቅሩ። ሥራ ቢበዛባችሁም፣ ቢያማችሁም፣ ተሸክሞ የሚያደርሳችሁ ሰው ፈልጋችሁ ሂዱ። እኔ ይህን የተማርኩት ብቸና ነው። ብቸና ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ስብሰባው ሲደረግ ብቸና ስለነበርኩ ነው።

ትውልዴ ብቸና፣ ንግዴ ሞጣ ነው። ጃንጥላ፣ የዝናብ ቦቲ፣ ላስቲክና ገመድ እሸጣለሁ። ሌላው ነጋዴ በጋን ሲናፍቅ እኔ ሰኔ እስኪገባ ቀን የምቆጥር ሰው ነኝ። ዝናብ ለገበሬው በረከት ነው፤ ለእኔ ደንበኛ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ሰዉ ልብሱን ከገመድ ላይ ያወርዳል፣ እኔ ጃንጥላዎቼን ወደ በሩ አስጠጋለሁ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ሰማዩን ያጠቆርኩት እኔ አይደለሁም።

ታዲያ በሰኔ መጨረሻ የእኅቴ ልጅ ክርስትና ነበርና ብቸና ሄድኩ። ሁለት ቀን በልቼና ጠጥቼ በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ስመለስ፣ ከመናኸሪያው እስከ ሰፈሬ ድረስ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይለኛል። ለክርስትናው መስሎኝ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» እያልኩ ደረስኩ። ባለቤቴ እናትነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሰብሳቢው፣ መጣህ?» አለችኝ።

«የምን ሰብሳቢ?»

«የሰፈሩ የክረምት ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ። በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጥከው።»

«እኔ በሌለሁበት?»

«የነበረው ሰውማ ሁሉም እንቢ አለ። እንቢ ያላልከው አንተ ብቻ ነህ።»

«አንቺስ እዚያ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ እንጂ! እጄን ቀድሜ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

የኮሚቴው ሥራ በወረቀት ተጽፎ ደረሰኝ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆች ሞልቶ በሚወርደው ወንዝ እንዳይዋኙ መጠበቅ፤ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ ሲታይ ማሳወቅ፤ ውሻ ያለው ውሻውን እንዲያስር ማድረግ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በደጁ የሚያልፈውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲጠርግ መቆጣጠር። ከወረቀቱ ጋር አንዲት ቀይ ፊሽካ አለች። አባላቱ አምስት ናቸው ተብዬ ነበር፤ አራቱ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በመጀመሪያው ቀን ተናደድኩ። በሁለተኛው ቀን ፊሽካዋን «እስቲ ልሞክራት» ብዬ አንገቴ ላይ አሰርኳት። በሦስተኛው ቀን ያለ እሷ ከቤት መውጣት አቃተኝ። አረማመዴ ሳይቀር ተለወጠ፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መሄድ ጀመርኩ። እናትነሽ ከኋላዬ እያየች፣ «ይህ ሰውዬ እስከ መስከረም ሚኒስትር ሳይሆን አይቀርም» አለች አሉ።

ሥራው ግን እንደ አረማመዴ አልሆነም። «ውሻችሁን እሰሩ» እያልኩ ቤት ለቤት ስዞር ሱሪዬን ይዞ የቀደደው የራሴ ውሻ ነው። ፊሽካዋ አስደንግጣው ነው፤ አልፈርድበትም። ወንዝ ዳር ወርጄም ልጆቹን ለማባረር ባለ በሌለ ኃይሌ ፊሽካዬን ስነፋ፣ ኳስ ጨዋታ የተጀመረ መስሏቸው ከውኃው ወጥተው በሁለት ቡድን ተሰልፈው ጠበቁኝ። ምን ልበላቸው? ዳኘሁ። በማግሥቱም ዳኘሁ። ከዚያ ወዲያ ወንዝ የገባ ልጅ አልታየም፤ እኔ ግን በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ፣ ጭቃ ላይ እየተንሸራተትኩ፣ የምሰደብበት ሥራ አገኘሁ። የልጆቹ እናቶች ሲመርቁኝ አባቶቻቸው «ያቺ ፍጹም ቅጣት ምት ግን አልነበረችም» ይሉኛል።

የተሳካልኝ የቦዩ ጉዳይ ነው። ሰፈራችን ተዳፋት ላይ ነው፤ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚነሣው ጎርፍ በየደጃችን አልፎ ነው የሚወርደው። እያንዳንዱን በር እያንኳኳሁ፣ «የእናንተ ቦይ ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው እናንተ ቤት አይደለም፤ ጎረቤታችሁ ቤት ነው» ብዬ ሰበክሁ። ሰዉም አላሳፈረኝም። አስተማሪው ሱሪውን ሰብስቦ ጠረገ። ልብስ ሰፊው ማሽኑን ትቶ ጠረገ። ሰማንያ ዓመት የደፈኑት ጎረቤቴ እማማ ጥጊቱ እንኳ ዶማ ይዘው ወጥተው ቦያቸውን እንደ ወጥ ድስት አጸዱት።

እማማ ጥጊቱን ልንገራችሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ሽቅብ ባለው፣ ጎድጎድ ብሎ በተሠራው የጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰው አያስጠጉም ማለት አይደለም፤ ሰው እንዲያዝንላቸው አይፈልጉም። የዚያን ዕለት ዶማቸውን ተደግፈው፣

«በእኔ በኩል ንጹሕ ነው፤ በአንተስ በኩል አይተሃል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ እማማ» አልኩ።

አላየሁም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁለት ክረምት ይሆነዋል፣ ደንበኛ ቦዩን ሲሻገር እንዳይቸገር ብዬ የሱቄን ፊት በሙሉ በኮንክሪት አስደፍኜዋለሁ። ውኃው እንዲያልፍ ከሥሩ ትቦ አስቀብሬያለሁ፤ ትቦው ግን ክንዴን እንጂ ጎርፍ የሚያሳልፍ አይደለም። የሰፈሩን ቦይ ሁሉ ጎንበስ ብዬ ያየሁት ሰውዬ፣ የራሴን ሳላይ ያለፍኩት ረስቼ አይደለም። ሰብሳቢውን ማን ይቆጣጠረዋል ብዬ ነው።

ሐምሌ ገብቶ ሊያልቅ ደረሰ። አንድ ቀን ከጧቱ የጀመረው ዝናብ ስድስት ሰዓት ላይ ይባስ ብሎ ከበረዶ ጋር መውረድ ያዘ። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ጃንጥላ እንደ ዳቦ እየተሸጠ ነው። የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝቼ ቀና ስል እማማ ጥጊቱ ግቢ ውስጥ ዶሮዎቹ አጥሩ ላይ ወጥተው ተደርድረዋል። ዶሮ በዝናብ አጥር ላይ ምን ይሠራል ብዬ ወጥቼ ባይ፣ ግቢው ኩሬ ሆኗል። ውኃው ከላይ ይመጣል፤ ወደ ታች ግን አይሄድም። ለምን እንደማይሄድ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሮጥኩ። ቤቱ ውስጥ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። የጓሮው ግድግዳ ጭቃው እየሟሟ ማገሩ መታየት ጀምሯል። እማማ ጥጊቱ እግራቸውን አጣጥፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ይውጡ! ግድግዳው ሊወድቅ ነው!»

«ወዴት ነው የምወጣው?»

«እኛ ቤት!»

«የዚህን ቤት ጭቃ ከባሌ ጋር በእግሬ ረግጬ አቡክቼዋለሁ። ከዚህ የምወጣው አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው። አንተ ደግሞ አንድ ነህ።»

ሒሳቡ ልክ ነው። ላነሣቸው ስሞክር የአልጋውን እግር ጨብጠው ያዙ፤ የእሳቸው ጉልበት ከእኔ ይበልጣል፤ ይህን ሳወራ አላፍርም፤ ብትሞክሩት ታዩት ነበር። ወጣሁና ፊሽካዬን ነፋሁ። የሐምሌ ዝናብ የሞጣን ቆርቆሮ ሲደበድብ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ የራሴን ፊሽካ እኔም አልሰማኋትም። ስልክ ሞከርኩ፤ ኔትወርኩ ከዝናቡ ተጠልሎ የለም። ደጃፎች ሁሉ ተዘግተዋል። ሰፈሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከቤቱ የሚያወጣ ምን አለ?

አንድ ነገር ብቻ አለ። የዕድሩ ጡሩምባ።

ጡሩምባ ነፊያችን አያ ቢተው ከሃያ ዓመት በላይ ለሰፈራችን ሞት ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከእማማ ጥጊቱ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው። እየተንሸራተትኩ ስገባ ጡሩምባቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ልጅ ጎናቸው ተኝቷል።

«አያ ቢተው፣ ይንፉ!»

«ማን አረፈ?» ብለው ብድግ አሉ። ወዲያው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ማንም አላረፈም። ጎርፍ ነው!»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ጎርፍ የዕድሩ አባል አይደለም።»

«የእማማ ጥጊቱ ቤት ሊወድቅ ነው! አልወጣም ብለው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ካልደረስንላቸው ማረፋቸው ነው!»

«እንግዲያስ ሲያርፉ ና። ደንቡ ለሞተ ይነፋ ነው የሚለው፤ ለሚሞት አይልም። ለሚሞት ቢባልማ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ስነፋ መዋሌ ነው።»

ከእሳቸው ጋር ደንብ የምከራከርበት ጊዜ የለኝም። ጡሩምባውን አነሣሁና በሩ ላይ ቆሜ ነፋሁት። የወጣው ድምፅ ምጥ የያዛት ላም ድምፅ ነው። ደግሜ ስነፋ ላሚቱ ባሰባት። አያ ቢተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኧረ በማርያም ይዤሃለሁ! ይህን ሰምቶ ማን ለቅሶ ይወጣል? ከብት ጠፋ ብሎ ዱላ ይዞ ነው የሚወጣው!» ብለው ነጠቁኝ። ጡሩምባውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ የእኔን ትንፋሽ መጥረጋቸው ነው። «ከተነፋ አይቀር በወጉ ይነፋ!»

ራሳቸውን ሳይከናነቡ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። እኔ ጃንጥላ ነጋዴው ደግሞ በእጄ አንድም ጃንጥላ የለም። መንገዱ መሐል ቆመው ነፉት። ደግመው ነፉት። ሦስተኛውን ሲነፉ ዝናቡ ራሱ ጸጥ ያለ መሰለኝ። ከዚያ «ጎርፍ ነው! ወደ ጥጊቱ ቤት!» ብለው ለፈፉ፤ ልፈፋውን ግን ዝናቡ በላው። የተሰማው ጡሩምባው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ስነግራችሁ አላጋንንም፤ እስካሁን ያጋነንኩት ይበቃናል።

አንድ ሰው ቦቲ ለክቶ «ይጠበኛል» እስኪል ባለው ጊዜ ውስጥ ሰፈሩ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በዚያ ጎርፍ ውስጥ እየተደጋገፉ መጡ። «ዝናቡ ሲያባራ እሄዳለሁ» ያለ ሰው አልነበረም። የሳምንቱ ተረኛ መቃብር ቆፋሪዎች ስድስቱም ዶማ፣ አካፋና ድጅኗቸውን ይዘው ደረሱ። ድንኳን ተካዮቹ ሸራውንና ቋሚውን ተሸክመዋል። ባለ ባጃጁ አግዳሚ ወንበሮቹን ጣራው ላይ ጭኖ፣ ግማሽ ጎማው ውኃ ውስጥ ሆኖ መጣ። እኔ ኮሚቴ ሆኜ አንድ ወር ሙሉ አምስት ሰው መሰብሰብ አቅቶኝ ነበር፤ እነሱ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ እየሮጡ ደረሱ። ሁሉም አያ ቢተው ወደሚሮጡበት ሮጠ፤ አያ ቢተው ደግሞ የሚሮጡት ወደ እማማ ጥጊቱ ቤት ነው። ሰዉ ነገሩ ገባው። ለቅሶው ቀለጠ።

«አልሞቱም! ደኅና ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ሴት ትከሻዬን ይዛ፣ «አይዞህ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» አለችኝ።

ቆፋሪዎቹ ሰምተውኝ ሳይሆን ውኃውን አይተው ዘለው ገቡ። እማማ ጥጊቱ አሁንም አልጋቸውን እንደጨበጡ ናቸው። ተከትለዋቸው ከገቡት ጎበዞች አራቱ ሳይጨቃጨቁ አልጋውን ከነባለቤቱ አነሡት፤ ዝናብ እንዳይመታቸውም ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው አለበሷቸው። እንዲህ ሆነው፣ በአራት ሰው ትከሻ፣ ከፊት እስከ እግር ተሸፍነው በበሩ ብቅ አሉ።

ያን ጊዜ የተነሣውን እሪታ ብቸና ድረስ ያልሰማ የለም።

ጋቢው ተገለጠ። እማማ ጥጊቱ በክርናቸው ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ።

«ምነው? ማን ሞቶ ነው?»

ደረቷን እየመታች የነበረች ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው በትሕትና፣ «እርስዎ ነዎት እማማ» አለ።

«እኔ? መቼ?»

የዕድሩ ዳኛ የሆኑት መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ አያ ቢተው መለሱ። አያ ቢተው ጡሩምባቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ «ደንብ አፍርሻለሁ፤ ዳኝነቱ ይቆየኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያስነፋኋቸው» አልኩ። መሪጌታ ግድግዳውን አዩ፣ ውኃውን አዩ፣ በዙሪያቸው የቆመውን ባለ አካፋ ሁሉ አዩ።

«መሬቷን ለሰው ልንቆፍር ነበር የወጣነው» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለውኃ እንቆፍርላት። ለቅሶው ይቆየናል፤ ውኃው አይቆየንም። በሉ!»

እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ድንኳን ተካዮቹ ሸራውን በሚሟሟው ግድግዳ ላይ እንደ ነጠላ አለበሱት። አግዳሚ ወንበሮቹ ግድግዳውን ደግፈው ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሩ እስከ መንገዱ በሰልፍ ቆሙና ውኃውን በሳፋ፣ በባልዲ፣ በድስት ከእጅ ወደ እጅ ያስወጡ ጀመር፤ ቅድም ደረቷን ስትመታ የነበረችው ፊት ላይ ናት። ቆፋሪዎቹ ከግቢው እስከ መንገዱ መውጫ ቀደዱለት። ውኃው ግን በዚያ ወጥቶ በቦዩ ተመልሶ ይመጣል።

የቆፋሪዎቹ አለቃ ቦዩን ተከትሎ ቁልቁል ሄደና ሱቄ ፊት ቆመ። ድጅኖውን በኮንክሪቴ ላይ አቆመው።

«ውኃው የታገደው እዚህ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቦያቸውን ያስጠረግኳቸው ሰዎች ናቸው፤ አስተማሪው አለ፣ ልብስ ሰፊው አለ። አንዱ ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። አለቃው ግን፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ያ ሁሉ ውኃ እየመጣ፣ ቤቴ እንደመጣ እንግዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይሰበር?» አለኝ።

ኮንክሪቱ ከተሰበረ ውኃው በሙሉ ኃይሉ የሚያልፈው ሱቄን እየታከከ ነው፤ የበሩ ደፍ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ይህን በልቤ አሰብኩ፤ ካላሰብኩ ነጋዴ አይደለሁም። ከዚያ አራት ሰው ትከሻ ላይ፣ እስካሁን ያላወረዷቸውን እማማ ጥጊቱን አየሁ። ዓይናቸው እኔ ላይ አይደለም፤ ግድግዳቸው ላይ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ድጅኖውን ስጠኝ» አልኩ።

ያለኝን ጉልበት ሁሉ አጠራቅሜ መታሁ። የጥፍር ያህል ተፈነከተ።

«በዚህ ዓይነት እስከ መስቀል ያልቃል» አለና አለቃው ድጅኖውን ተቀበለኝ። ግንበኛዬ ሁለት ቀን የፈጀበትን፣ እነሱ ሦስት ሆነው በጥቂት ደቂቃ አፈራረሱት። ትቦው ሲወጣ ከውስጡ የራሴ ሱቅ ላስቲክ፣ የጃንጥላ መጠቅለያ፣ አንዲት የግራ እግር ቦቲ ተከታትለው ወጡ። አንዱ ቦቲዋን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ የቀኟ ካለች ልኬ ናት» አለ። ሳቁ ከጎርፉ ጋር ቁልቁል ወረደ። ውኃው አፉን ከፍቶ አለፈ፤ ሲያልፍም እንዳሰብኩት ሱቄን ጎብኝቶ ነው። «ውኃ አያስገባም» ብዬ የምሸጠው ቦቲ ውስጡ ውኃ ሞልቶ ደጄ ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አየሁ። ሰዉ የእማማ ጥጊቱን ቤት ሲጨርስ ወደ እኔ ሱቅ መጣ፤ እዚያም ሳይጠራ ሳፋውን ይዞ ተሰለፈ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ። ግድግዳው ቆሟል። ጓሮ በኩል ፍየል የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ እሱንም ወንዶቹ በማግሥቱ ጭቃ አቡክተው ሊመርጉ ተቃጠሩ። አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይኸኔ እናትነሽ ድስት ተሸክማ መጣች። ጡሩምባውን እንደሰማች ሳትጠይቅ ንፍሮ ጥዳ ኖሯል። «ምን ላድርገው? በስሏል» አለች። ሰዉ በጭቃው እንደተለወሰ በቤቱና በግቢው ተቀመጠ፤ የእማማ ጥጊቱን የለቅሶ ንፍሮ ከእማማ ጥጊቱ ጋር መብላት ጀመርን። ሰሐን እየያዙ የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። ለአያ ቢተው ሁለት ጊዜ ጨመሩላቸው። እኔ ዘንድ ሲደርሱ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ልጅ የለኝም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስሞት ማን ይወጣልኝ ይሆን እያልኩ ስንት ክረምት አሳለፍኩ። ዛሬ አልጋው ላይ ሆኜ አንድ በአንድ አየኋቸው። በረዶው ሲመታቸው እንኳ አልተመለሱም።»

«አዎ እማማ።»

«አንተ ግን አላለቀስክም። አይቼሃለሁ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አለመሞትዎን አውቅ ነበር!»

«ብታውቅስ? ከሰው ጋር ብታለቅስ ምን ትሆን ነበር?»

አፌ ንፍሮ ሞልቷል። ያን ግቢ ሙሉ የጭቃ ሰው ቀና ብዬ አየሁት፤ ነጠላዋን እየጨመቀች የምትስቀውን፣ ድጅኖውን ግድግዳ አስደግፎ የሚያንቀላፋውን፣ ጡሩምባቸውን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውሉትን። ምን እንደነካኝ እንጃ፤ እንባዬ መጣ።

እማማ ጥጊቱ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ።

«አሁን ምን ያደርግልኛል፤ ዘገየህ» አሉና ንፍሮ ጨመሩልኝ።